አልጋ ዳር የሚደረግ አልትራሳውንድ፦ በጽኑ የታመመ ልጅ ሲመረመር

አልጋ ዳር የሚደረግ አልትራሳውንድ ማለት ልጁን የሚያክመው ሐኪም ራሱ መሣሪያውን ይዞ ልጁ በተኛበት ቦታ የሚያደርገው ምርመራ ነው። ልጁ ወደ ሌላ ክፍል አይወሰድም፤ የምርመራ ወረቀት ተጽፎ፣ ተራ ተጠብቆ፣ ውጤት እስኪመጣ ድረስም አይቆይም። ምስሉን የሚያነሳው፣ የሚያነበውና በዚያው ደቂቃ ሕክምናውን የሚወስነው አንድ ሰው ነው። በኢትዮጵያ አብዛኛው ሰው አልትራሳውንድን የሚያውቀው በእርግዝና ክትትል ነው፤ የፅንሱን ዕድሜና አቀማመጥ ለማየት። ያው መሣሪያ በድንገተኛ ክፍልና በፅኑ ሕሙማን ክፍል ሌላ ሥራ አለው፤ ትንፋሹ የተቆራረጠ፣ እጅና እግሩ የቀዘቀዘ፣ ራሱን የሳተ ልጅ ሲመጣ ምን እንደነካው በቶሎ ለመለየት ያገለግላል።

በራዲዮሎጂ ክፍል የሚደረገው አልትራሳውንድ አንድን የሰውነት ክፍል ከዳር እስከ ዳር ይፈትሻል፤ ይለካል፣ ይመዘግባል፣ ሪፖርት ይጽፋል። አልጋ ዳር የሚደረገው ግን ጠባብ ጥያቄ ይዞ ይነሳል። በልብ ዙሪያ ፈሳሽ አለ ወይስ የለም? ልቡ በደንብ ይጨመቃል ወይስ ደክሟል? ሳንባው ከደረቱ ግድግዳ ጋር ተነካክቷል ወይስ በመካከላቸው አየር ገብቷል? መልሱ «አለ» ወይም «የለም» የሚል ነው፤ አንዳንዴም «ከዚህ ምስል መለየት አይቻልም» ይሆናል። ይህ ሦስተኛው መልስ የድክመት ምልክት አይደለም፤ በሙያው የበሰለ ሰው አዘውትሮ የሚሰጠው መልስ ነው። ጥያቄውን ሳይዝ ፕሮቡን፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚያርፈውን የመሣሪያውን ክፍል፣ የሚያነሳ ሐኪም ብዙ ነገር ያያል፣ ጥቂት ነገር ያውቃል።

አልትራሳውንድ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ነው። ጆሮ የሚሰማው በሴኮንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ሲሆን፣ ለሕክምና የሚውለው በአብዛኛው በሴኮንድ ከ2 ሚሊዮን እስከ 15 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ነው። ፕሮቡ ይህን ድምፅ ወደ ሰውነት ይልካል፤ ድምፁም እንደ ገደል ማሚቶ ነጥሮ ይመለሳል። በለስላሳ የሰውነት ክፍል ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 1,540 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ መሣሪያው ድምፁ ሄዶ ለመመለስ የፈጀበትን ጊዜ ለክቶ ያንጸባረቀው አካል ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ ያሰላል። ፈሳሽ ድምፁን ስለሚያሳልፍ በስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ጉበትና ስፕሊን (ጣፊያ) ግራጫ ናቸው። አጥንት ነጭ ጠርዝ ያሳይና ከኋላው ጥቁር ጥላ ይጥላል። አየር ደግሞ ድምፁን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ መልሶ ይወረውረዋል። ቆዳው ላይ ጄል የሚቀባው በፕሮቡና በቆዳው መካከል የምትቀረው ጥቂት አየር ድምፁን እንዳታግደው ነው።

በዚህ ዝግጅት የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነውን፣ ክሪስታል ሲጫን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭበትን ባሕርይ በ1880 ያገኙት ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ነበሩ። በ1953 በስዊድን፣ ሉንድ ከተማ፣ ኢንጌ ኤድለር የተባለ ሐኪምና ሄልሙት ኸርትዝ የተባለ የፊዚክስ ባለሙያ የልብን እንቅስቃሴ በድምፅ መዘገቡ። በ1958 በስኮትላንድ፣ ግላስጎ፣ ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቹ የሆድ ውስጥ እብጠትንና ፅንስን በዚህ መንገድ ማየት እንደሚቻል አሳተሙ። የያኔዎቹ መሣሪያዎች ክፍል የሚሞሉ ነበሩ። ዛሬ ከስልክ ጋር የሚገናኝ፣ በሐኪም ጋውን ኪስ የሚገባ ፕሮብ አለ፤ በባትሪ ስለሚሠራም መብራት ሲጠፋ አይቆምም።

ሳንባ ግን ለረጅም ዘመን ከዚህ ታሪክ ውጭ ሆኖ ቆይቷል። ሳንባ አየር የሞላው ነው፣ አየር ደግሞ ድምፅ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ሳንባን በአልትራሳውንድ መመርመር ከንቱ ድካም ነው ይባል ነበር። ይህን አስተሳሰብ በእጅጉ የለወጠው ፈረንሳዊው የፅኑ ሕሙማን ሐኪም ዳንኤል ሊክተንስታይን ነው። የእሱ ሐሳብ ሳንባን ራሱን ማየት ባይቻል እንኳ አየሩ በስክሪኑ ላይ የሚፈጥረውን መስመር በጥንቃቄ ማንበብ ይቻላል የሚል ነበር። በ2008 ትንፋሽ ያጠራቸውን አዋቂዎች በዚህ ዘዴ የሚለይ የምርመራ ቅደም ተከተል አሳተመ። ዘዴው ወደ ሕፃናት ሕክምና ሲገባ ደግሞ ከአዋቂዎቹ ይልቅ የሚያመች ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ የልጅ አካል ነው። ደረቱ ስስ ነው፤ ከቆዳው በታች ብዙ ስብ የለም፤ ስለዚህ ከፍተኛ ንዝረት ያለው፣ ጥልቅ የማይሄድ ግን ጥርት ያለ ምስል የሚሰጥ ፕሮብ መጠቀም ይቻላል። የጨቅላ ሕፃን የጎድን አጥንትና የደረት አጥንት በከፊል ገና ለስላሳ ስለሆነ ድምፅን እንደ አዋቂ አጥንት አያግድም። የራስ ቅሉም እርግብግቢቱ እስኪዘጋ ድረስ ለአንጎል ምርመራ መስኮት አለው። ምርመራው ጨረር የለውም፤ ዕድሜ ልኩን የሚኖርበት አካል ገና እያደገ ላለ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ቢደጋገም አይጎዳውም። ልጁንም ማስተኛት አያስፈልግም፤ እናቱ ታቅፋው፣ ጡት እየጠባም ቢሆን ይመረመራል።

በዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉ ተላላፊ በሽታዎች ቀዳሚው የሳንባ ምች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2019 ብቻ ከ740,000 በላይ ሕፃናት በዚህ በሽታ ሞተዋል። ስለዚህ የሳንባው ምርመራ ዘርዘር ብሎ ቢነገር ተገቢ ነው።

ሐኪሙ ፕሮቡን በሁለት የጎድን አጥንቶች መካከል ቀጥ አድርጎ ሲያሳርፍ፣ ከሁለቱ አጥንቶች ጥላ መሃል አንዲት ነጭ አግዳሚ መስመር ትታያለች። ይህች የሳንባ ሽፋን መስመር ናት። ጤነኛ ልጅ ሲተነፍስ መስመሯ ወዲያና ወዲህ ትንሸራተታለች፤ ሳንባው በደረቱ ግድግዳ ውስጠኛ ገጽ ላይ እየተሻሸ መሆኑን ታሳያለች። ከእርሷ በታች በእኩል ርቀት የተደረደሩ አግዳሚ መስመሮች ይኖራሉ፤ እነዚህ በአየር የተመለሰ ድምፅ ደጋግሞ የፈጠራቸው ናቸው፤ ኤ-መስመር ይባላሉ። በሽታ ሲገባ ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። በሳንባው ውስጥ ፈሳሽ ሲበዛ ከሽፋኑ መስመር ተነስተው እስከ ስክሪኑ ግርጌ የሚወርዱ ነጭ ቀጥ ያሉ ጨረሮች ይመጣሉ፤ ቢ-መስመር ይባላሉ። በአንድ የጎድን አጥንት ክፍተት ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው ከታዩ ሳንባው እርጥበት አዝሏል ማለት ነው። ልብ ሲደክም፣ በቫይረስ የመጣ የትንንሽ አየር ቱቦዎች ብግነት ሲኖር፣ ከባድ የሳንባ ጉዳት ሲደርስ፣ በደም ሥር የተሰጠ ፈሳሽ ከመጠን ሲያልፍ ይህ ይታያል።

በባክቴሪያ የሳንባ ምች የተያዘ የሳንባ ክፍል ግን አየሩ ወጥቶ መግልና ፈሳሽ ስለሚሞላው በምስሉ ላይ ጉበት ይመስላል። በውስጡ ነጫጭ ነጥቦች ከትንፋሹ ጋር ሲንቀሳቀሱ ከታዩ የአየር ቱቦዎቹ አልተዘጉም፤ ይህም ሳንባው ተዘግቶ ከመኮማተሩ ይልቅ ምች የመሆኑን ዕድል ያጠናክራል። በ2015 የታተመ፣ 8 ጥናቶችንና 765 ሕፃናትን ያካተተ ትንተና እንዳመለከተው አልትራሳውንድ የሳንባ ምች ካለባቸው ከ100 ሕፃናት 96ቱን ይለያል፤ ከሌለባቸው ከ100 ደግሞ 93ቱን ነፃ ይላል። ትንሽ የሳንባ ምች በራጅ ላይ በልብ ጥላ ሥር ሊሰወር ይችላል፤ ፕሮቡ ግን ከጀርባም ከብብትም በኩል ዞሮ ያገኘዋል። በሌላ በኩል ከሽፋኑ ርቆ በሳንባው መሃል የተቀመጠ ምች ድምፁ ስለማይደርስበት ያመልጣል። ሁለቱ ምርመራዎች የሚደጋገፉ እንጂ አንዱ ሌላውን የሚሽር አይደለም።

ምች ያለበት ልጅ በአንቲባዮቲክ ትኩሳቱ አልወርድ ሲል ሐኪሙ የሚጠረጥረው በሳንባው ዙሪያ ፈሳሽ ወይም መግል መጠራቀሙን ነው። ራጅ ግማሽ ደረቱ መንጣቱን ያሳያል፤ ያ ንጣት ጠጣር ይሁን ፈሳሽ ግን ለመለየት ያስቸግራል። አልትራሳውንድ እዚህ ላይ ብልጫው ግልጽ ነው። ንጹህ ፈሳሽ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ የወፈረ መግል ከሆነ በውስጡ ክር የሚመስሉ ግድግዳዎች ይኖራሉ፤ እነዚህን ግድግዳዎች ከሲቲ ስካን ይልቅ አልትራሳውንድ አጉልቶ ያሳያቸዋል። የፈሳሹ ጥልቀት ተለክቶ፣ ዲያፍራም የት እንዳለ ታይቶ፣ መርፌው የሚገባበት ቦታ በቆዳው ላይ ምልክት ይደረጋል። በግምት ተወግቶ ጉበት ወይም ስፕሊን የመነካቱ አደጋ በዚህ በጣም ይቀንሳል።

ከሁሉ ፈጣን መልስ የሚያስፈልገው ግን አየር በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ሲገባ ነው። በትንፋሽ መሣሪያ ላይ ያለ ልጅ በድንገት ኦክስጅኑ ይወርዳል፣ ልቡ ይዘገያል። ሐኪሙ ፕሮቡን በጀርባው የተኛው ልጅ ፊተኛ ደረት ላይ ያደርጋል፤ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ የሚገኘው እዚያ ነው። የሽፋኑ መስመር ከተንሸራተተች በዚያ ቦታ አየር የለም፤ ነገሩ በሴኮንዶች ተለየ። ካልተንሸራተተች ግን ገና አልተረጋገጠም፤ የትንፋሽ ቱቦው ወደ አንደኛው ሳንባ ብቻ ገብቶ ሌላው እየተነፋ ላይሆን ይችላል። እርግጠኛው ምልክት ተንሸራታቹና ፀጥ ያለው ክፍል የሚገናኙበትን ጠርዝ ማግኘት ነው። ልጁ ግን በዓይን እያዩት እየተዳከመ ከሄደ፣ ሌሎቹም ምልክቶች ወደዚያው ከጠቆሙ፣ ያን ጠርዝ ፍለጋ ጊዜ ማጥፋት አይገባም፤ አየሩ በመርፌ ይወጣል።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ሾክ ነው፤ የደም ዝውውር ከሰውነት ፍላጎት ሲያንስ ማለት ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሦስት ቀን ካተኮሰው በኋላ ድንገተኛ ክፍል ደረሰ እንበል። በፍጥነት ይተነፍሳል፣ እጆቹ ቀዝቅዘዋል፣ ጥፍሩ ተጭኖ ሲለቀቅ ደሙ ለመመለስ ከሦስት ሴኮንድ በላይ ይወስዳል። የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ ፈሳሽ ይሰጠው ወይስ አይሰጠው የሚል ነው። ከውጭ ሲታይ ተመሳሳይ የሆነ ልጅ በውስጡ ከሦስት የተለያዩ ልቦች አንዱ ሊኖረው ይችላል።

ፕሮቡ ከደረት አጥንቱ ጫፍ በታች፣ ከእንብርቱ በላይ ሲያርፍ ልቡ በጉበቱ በኩል ይታያል። በመጀመሪያው ልጅ ልቡ ትንሽ ነው፤ በኃይል ይመታል፤ በእያንዳንዱ ምት ግድግዳዎቹ እስኪነካኩ ይጠጋጋሉ፤ ወደ ልብ የሚገባው ትልቁ ደም መልስ ሥር ቀጥኖ ተጣብቋል። ይህ ልብ የሚገፋው ደም አጥቷል። በሁለተኛው ልጅ ልቡ ሰፍቷል፤ ግድግዳዎቹ በዝግታ ይላወሳሉ እንጂ አይጨመቁም፤ ደም መልስ ሥሩ ተወጥሮ ከትንፋሽ ጋር አይለዋወጥም፤ ሳንባው በቢ-መስመር ተሞልቷል። ይህ በልብ ጡንቻ ብግነት ወይም በሌላ ምክንያት የደከመ ልብ ነው፤ ፈሳሽ በብዛት ቢጨመርበት ልጁ በራሱ ሳንባ ውስጥ ይሰጥማል። በሦስተኛው ልጅ ልቡን ጥቁር ቀለበት ከቦታል። በልብ ሽፋን ውስጥ የተጠራቀመው ፈሳሽ ልቡ እንዳይሞላ አፍኖታል፤ የሳንባ ነቀርሳ በተስፋፋበት አካባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚያድነው መድኃኒት ሳይሆን ፈሳሹን በመርፌ ማውጣት ነው፤ መርፌውንም የሚመራው ያው አልትራሳውንድ ነው።

የፈሳሽ ነገር በምሥራቅ አፍሪካ ልዩ ታሪክ አለው። በካትሪን ሜይትላንድ መሪነት በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ ሆስፒታሎች የተካሄደውና በ2011 የታተመው ፊስት የተባለው ጥናት ከ3,100 በላይ ትኩሳትና የደም ዝውውር መድከም ያለባቸውን ሕፃናት ተከታትሏል። ለአንዳንዶቹ በደም ሥር ፈሳሽ በፍጥነት ተሰጠ፤ ለሌሎቹ በፍጥነት ሳይሆን ለዕለት ፍላጎታቸው ያህል ቀስ ተብሎ ተሰጠ። በ48 ሰዓት ውስጥ በፍጥነት ከተሰጣቸው ከ100 ከ10 በላይ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው የሞቱት ከ100 7 ገደማ ነበሩ። ውጤቱ የሕፃናት ሐኪሞችን ዓለም አንቀጠቀጠ፤ ለአሥርት ዓመታት ሲሰጥ ከኖረው ትምህርት ጋር ተቃራኒ ነበርና። ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ ወባ ነበረባቸው፤ ብዙዎቹም ከባድ ደም ማነስ ነበረባቸው። በተቅማጥ ውኃ ያጠራቸውና በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ግን በጥናቱ አልተካተቱም፤ ስለዚህ በተቅማጥ ለደረቀ ልጅ ፈሳሽ አይሰጥ የሚል ትርጉም ከዚህ አይወጣም። በ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕፃናት የደም መመረዝ መመሪያ ፅኑ ሕሙማን ክፍል በሌለበት፣ የደም ግፊቱ ያልወረደ ልጅ ፈሳሽ በፍጥነት እንዳይሰጠው ይመክራል።

አልትራሳውንድ ይህን ክርክር አልዘጋውም። ጥቅሙ ፈሳሹ ለዚህ ልጅ፣ በዚህ ሰዓት፣ ምን እያደረገ እንደሆነ ማሳየቱ ነው። በኪሎ 10 ሚሊሊትር ተሰጥቶ ፕሮቡ እንደገና ሲደረግ ልቡ ሞላ ብሎ ምቱ ከተረጋጋ ወደ ጥሩው እየሄደ ነው። ቀድሞ ንጹሕ በነበረው ሳንባ ላይ አዲስ ቢ-መስመር ከመጣ ማቆም ይገባል። ይህ ደጋግሞ ማየት፣ በእጅ መዳሰስና ጉበት ማበጡን መፈተሽ ተጨምሮበት፣ ምናልባት የምርመራው ትልቁ ጥቅም ነው። የደም መልስ ሥሩን ስፋት ብቻ አይቶ መወሰን ግን ያሳስታል፤ በተለይ በትንፋሽ መሣሪያ ላይ ባለ ልጅ የሥሩ መስፋትና መጥበብ እምብዛም አይታመንም። ደም ማነስንም አልትራሳውንድ አያይም፤ ያን የሚናገረው የጣት ደም ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሌላ ነገርም ይጨመራል። ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚታየው የሩማቲክ የልብ ሕመም ተገቢው ሕክምና ካልተደረገለት የጉሮሮ ቁስል በኋላ የሚመጣ ነው። ልብ የሚጎዳው ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ አንዲት ልጅ ትምህርት ቤት ስትሄድ ትደክማለች፣ ሌሊት ታስላለች፣ ከዚያም አንድ ቀን ትንፋሽ አጥሯት ትመጣለች። የሳንባ ምች ተብላ አንቲባዮቲክ ብቻ ሊታዘዝላት ይችላል። በሁለቱም ሳንባ ላይ እኩል የተሰራጨ ቢ-መስመር፣ የሰፋ የግራ ላይኛው የልብ ክፍልና በደንብ የማይከፈት የወፈረ ቫልቭ አብረው ከታዩ ግን ችግሩ ልብ ላይ ነው። ልጅቷ የምትፈልገው ፈሳሹን የሚያስወጣ መድኃኒት፣ ኦክስጅንና የልብ ሐኪም ነው።

ሆድን በተመለከተ አንድ በሽታ ተለይቶ መጠቀስ አለበት። ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ባለ ልጅ የአንጀቱ አንድ ክፍል ወደ ቀጣዩ ክፍል ሊገባ ይችላል። ልጁ በየተወሰነ ጊዜ እግሩን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ያለቅሳል፣ መልሶ ዝም ይላል፣ ያስመልሰዋል፤ ዘግይቶም ደምና ንፍጥ የተቀላቀለበት ሰገራ ይወጣዋል። ይህን ጊዜ ብዙዎች አሜባ ነው ብለው ያክሙታል። በአልትራሳውንድ አንጀቱ ቀለበት በቀለበት ውስጥ ሆኖ ይታያል፤ ምስሉን አንድ ጊዜ በደንብ ያየ ሐኪም ዳግም አይስተውም። በጊዜ ከተገኘ በፊንጢጣ በኩል አየር ወይም ፈሳሽ ተገፍቶ ያለ ቀዶ ሕክምና ይመለሳል። ከዘገየ አንጀቱ ይሞታል። በተረፈ ከአደጋ በኋላ በሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም፣ ሽንት የሞላው ፊኛ፣ ያበጡ ኩላሊቶች በዚያው ምርመራ ይታያሉ። ኤች አይ ቪ በተስፋፋበት ደግሞ በስፕሊን ውስጥ ትንንሽ ጥቁር ነጥቦችና ያበጡ የሆድ ንፍፊቶች የሳንባ ነቀርሳን ይጠቁማሉ።

አንጎልን ማየት የሚቻለው እርግብግቢቱ ባልተዘጋ ሕፃን ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ በአንጎሉ ውስጥ ደም መፍሰሱን፣ ከማጅራት ገትር በኋላ ውኃ መጠራቀሙን በዚህ ማወቅ ይቻላል። በትልልቆቹ ልጆች በተዘጋ ሽፋሽፍት ላይ ፕሮቡ በቀስታ አርፎ፣ ከዓይን ኳስ ጀርባ 3 ሚሊሜትር ላይ የእይታ ነርቭ ሽፋን ውፍረት ይለካል። ሽፋኑ ከወፈረ በራስ ቅል ውስጥ ግፊት መጨመሩ ይጠረጠራል፤ ግን ይህ ልኬት ብቻውን ውሳኔ አይሰጥም።

ጨቅላዎች ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ሳንባው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ ከታየ፣ ሳንባውን የሚከፍተው ሰርፋክታንት የተባለው ንጥረ ነገር ጎድሎታል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ምስሉም መድኃኒቱ በጊዜ እንዲሰጥ ይረዳል። የላይኛው ሳንባ ደርቆ የታችኛው ብቻ ከረጠበ ግን በወሊድ ጊዜ ያልደረቀ ፈሳሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ጄሉ መሞቅ አለበት። አንድ ኪሎ ለማይሞላ ሕፃን ቀዝቃዛ ጄልና የተከፈተ ማሞቂያ ክፍል ራሳቸው አደጋ ናቸው።

መሣሪያው እጅንም ይመራል። ውኃ ያጠረው ልጅ ደም ሥሩ ጠፍቶ አምስትና ስድስት ጊዜ ሲወጋ ማየት ለነርሷም ለእናቱም ከባድ ነው። በፕሮቡ ሥሩ ታይቶ የመርፌው ጫፍ እየታየ ሲገባ የሚወጋበት ቁጥር ይቀንሳል፤ በአንገትና በብሽሽት ለሚገቡት ትልልቅ ቱቦዎች ደግሞ ይህ አሠራር በብዙ አገር የተለመደ ሆኗል።

የሚያሳስቱት ነገሮች ጥቂት አይደሉም። በጨቅላ ሕፃን ደረት ላይኛው ፊት ያለው ታይመስ የተባለው ዕጢ ግራጫ ስለሆነ ላልለመደ ዓይን የሳንባ ምች ይመስላል። በግራ በኩል ስፕሊን፣ ምግብ የሞላው ጨጓራም እንዲሁ። በቫይረስ ጉንፋን የተያዘ ልጅ ሳንባው ጠርዝ ላይ ከአንድ ሴንቲሜትር ያነሰ ትንሽ ቦታ ሊጠቁር ይችላል፤ ያን ሁሉ አንቲባዮቲክ እየሰጡ ማሳደድ ለልጁ ጥቅም የለውም። ልብ ቆሞ ደረት ሲጫን ደግሞ በፕሮቡ ለማየት ሲባል ማቋረጡ ከ10 ሴኮንድ ማለፍ የለበትም፤ በስክሪን መማረክ እዚህ ላይ ልጅ ያስከፍላል። የልብ አፈጣጠር ችግርም በዚህ ምርመራ «የለም» ተብሎ አይዘጋም። የአውሮፓ የሕፃናትና የጨቅላዎች ፅኑ ሕክምና ማኅበር በ2020 ባወጣቸው 41 ምክሮች ውስጥ በልብ አልትራሳውንድ በተለይ ያልሠለጠነ ሐኪም ይህን ምርመራ ለአፈጣጠር ችግር መለያ እንዳይጠቀምበት አሳስቧል። በተወለደ በሳምንቱ ሾክ ውስጥ የገባ ሕፃን ልብ በጥድፊያ «ደህና ነው» ሊባል አይገባም።

ፕሮቡ ራሱ ከአልጋ ወደ አልጋ ተላላፊ ተሕዋስያን ሊያዘዋውር ይችላል። ከእያንዳንዱ ልጅ በኋላ ጄሉ ተጠርጎ በተገቢው መድኃኒት መጽዳት አለበት፤ ለመርፌ ሥራና ለጨቅላ ሕፃናት ደግሞ ንጹሕነቱ የተረጋገጠ፣ ለአንድ ጊዜ የሚሆን ጄል ያስፈልጋል። ትልቁን የጄል ዕቃ እየደጋገሙ መሙላት ለባክቴሪያ መራቢያ መስጠት ነው።

ይህን ምርመራ መማር ከባድ አይደለም፤ በደንብ መማር ግን ጊዜ ይወስዳል። የሳንባ ሽፋንን መንሸራተት ወይም በሆድ ውስጥ ያለ ፈሳሽን መለየት በጥቂት ቀናት ይለመዳል። የልብን አቅም በዓይን መገመት በብዙ ልጆች ላይ፣ ልምድ ያለው ሰው እያረመ፣ ደጋግሞ መሥራትን ይጠይቃል። ምስሉ ተቀምጦ በሌላ ባለሙያ ካልታየ ስህተት ራሱን እየደገመ ይኖራል። በኢትዮጵያ በእርግዝና ክትትል አልትራሳውንድ የሚሠሩ አዋላጅ ነርሶች መኖራቸው ሙያው በሐኪም እጅ ብቻ መቅረት እንደሌለበት ያሳያል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠናም ለዚህ ምርመራ ቅርብ ነው። የሚቀረው መሣሪያውን ከመግዛት ጎን ለጎን አሠልጣኝ፣ የተበላሸ ፕሮብ የሚጠግን ቴክኒሻንና ምስል የሚገመግም ባለሙያ ማሟላት ነው። ሠልጣኙ ሲቀየር ሣጥን ውስጥ የሚቀር ማሽን ለማንም አይጠቅምም።

እነዚህ ሁሉ የሚጠቅሙት ልጁ ጤና ተቋም ሲደርስ ነው። ልጅ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ እስኪነጋ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይወሰድ።